ዴስክቶፕ ላይ ነበር እኮ!

«ሲ ላይ ዳታ አለ?»

ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ያልተጠየቀ የኮምፒውተር ባለቤት ካለ፣ ወይ ትናንት የገዛ ነው ወይ ጸሎቱ የሚሰማለት ነው። ጠያቂው መቼም የታወቀ ነው። በጥገና ሱቁ ባንኮኒ ላይ ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ሦስት አራት ላፕቶፖች ተደርድረዋል፤ ልጁ የአንዱን ብሎን እየፈታ፣ ሌላውን እያስነሳ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሸጉጦ እያወራ፣ ቀና እንኳ ሳይል ይጠይቃል። የእኛም መልስ የታወቀ ነው። «የለም» እንላለን። የጠየቀን ነገር ገብቶን አይደለም፤ አልገባኝም ማለት ስለሚከብደን ነው። እሱም ብጫቂ ወረቀት ላይ «ፎርማት፣ ዳታ የለም» ብሎ ይጽፋል። እኛም ምን እንዳስጻፍን ሳናውቅ ማኪያቶ ልንጠጣ እንሄዳለን።

በማግስቱ እንዲህ ይሆናል፦

«ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

«ዴስክቶፕማ ሲ ነው።»

«ዶክመንትስ ውስጥ የነበረውስ?»

«እሱም ሲ ነው።»

«ዳውንሎድስ?»

«ጋሼ፣ ሲ ላይ ዳታ የለም ብለውኝ አልነበር?»

ብለነዋል። ምን እንመልሳለን? ወረቀቱም ይመሰክርብናል።

የሚያናድደው ደግሞ ምክሩን ሁላችንም በቃላችን ማወቃችን ነው። «ፋይልህን ዲ ላይ አድርግ» ያላለ ወንድም፣ ያላለ የሥራ ባልደረባ፣ ያላለ የጎረቤት ልጅ የለም። ነገሩም እውነት ነው። ሲ የዊንዶውስ መኖሪያ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ይታመማል፤ ቫይረስ ይገባበታል፣ አፕዴት ሲያደርግ መንገድ ላይ መብራት ይጠፋበታል፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት አንድ ቀን ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይውላል። መድኃኒቱ እንደሆነ በየሱቁ አንድ ነው፤ ፎርማት። ቀሰስ አለ? ፎርማት። ድምፅ አጣ? ፎርማት። ሲ ተጠርጎ ይታጠብና አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበታል፤ ዲ ላይ የተቀመጠው ግን ሳይነካ ይተርፋል። እንግዲህ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ዊንዶውስን ለብቻ፣ ንብረትን ለብቻ ማኖር የሚባለው ጥበብ ይኸው ነው።

ችግሩ ይህን ምክር ኮምፒውተሩ ራሱ አለመስማቱ ነው። እኛን ዲ ላይ አድርጉ እያሉ ይመክሩናል፤ እሱ ግን የነኩትን ሁሉ እየወሰደ ሲ ውስጥ ይወሽቃል። በዎርድ ደብዳቤ ጽፈህ ሴቭ ስትል ዶክመንትስ ይልሃል፤ ሲ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድከው ዳውንሎድስ ውስጥ ይገባል፤ ሲ ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የሚያወርደውም እዚያው ዳውንሎድስ ውስጥ ለራሱ ፎልደር ከፍቶ ነው። ዴስክቶፕ የሚባለው ደግሞ የከፋው አታላይ ነው። ፊት ለፊት ስለተነጠፈ፣ ከሁሉም በፊት ስለሚታይ፣ ከሲም ከዲም ውጪ የሆነ ገለልተኛ ጠረጴዛ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሲ ውስጥ፣ ዩዘርስ በሚባል ፎልደር፣ እዚያም ውስጥ በስማችን በተሰየመ ሌላ ፎልደር ሥር የተሰነቀረ ተራ ፎልደር ነው። በስማችን አልኩ እንጂ የብዙዎቻችን ስም እዚያ ላይ «ፒሲ» ወይም «ዩዘር» ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሲጫንልን ማን ስም ይጠይቀናል?

እኔ ይህን የተማርኩት በሰፈራችን ዕድር ኪሳራ ነው። ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ዘመናዊነት አማረኝ። የአባላቱን ስም፣ ወርሃዊ መዋጮውን፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ሁሉንም ከደብተር ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ቶሎ እንዳገኘው ብዬም ዴስክቶፕ ላይ፣ ከቆሻሻ መጣያዋ ምስል ጎን አስቀመጥኩት። ቀጥሎ የሆነውን ገምታችሁታል። ላፕቶፑ ታመመ፤ «ሲ ላይ ዳታ አለ?» ተባልኩ፤ «የለም» አልኩ።

ለሊቀ መንበራችን የማስረዳቱ ዕዳ ወደቀብኝ። ጋሼ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ነገር ግን ከእኔ ይልቅ ነገር ይገባቸዋል።

«መዝገቡ ጠፋ ነው የምትለኝ?»

«ዴስክቶፕ ላይ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«እና ዴስክቶፕ ከሚባለው ሰውዬ ዘንድ ሄደህ አታመጣም?»

«ሰው አይደለም ጋሼ፤ ሲ ውስጥ ያለ ቦታ ነው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ደብተሩስ?» አሉኝ።

ደብተሩ አለ። ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈው፣ ሽሮ የነካው፣ ሦስት ጸሐፊ ያሳለፈው ደብተር ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እሱን ፎርማት ያደረገው የለም።

ፋይሉን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። ሪከቨሪ የሚሠራ ሌላ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ሁለት ቀን አቆይቶ በፍላሽ ሰጠኝ፤ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች። አብዛኞቹ ዊንዶውስ ለራሱ የሚጠቀምባቸው ጥፍር የሚያህሉ ምስሎች ናቸው፤ የአታሚ ምስል፣ የደብዳቤ ምስል፣ የመቀስ ምስል። ከመካከላቸው አንድ ኤክሴል ተገኘ፤ የወንድሜ የሠርግ ወጪ ነበር። የዕድሩ ላይ ግን አዲሱ ዊንዶውስ ተኝቶበታል። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል አንዳንዴ የሚገኘው ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ነው፤ ፎርማት ያደረገልኝ ልጅ ደግሞ ሙሉ ዊንዶውስ ከነጨዋታዎቹ ጽፎበታል።

እሺ፣ ለመሆኑ ስሙ ለምን ሲ ሆነ? ኤ የት ሄደ? ቢስ? እነሱ የፍሎፒ ወንበሮች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም የግል ኮምፒውተሮች ፍሎፒ ዲስክ የሚጎርሱ ሁለት አፎች ነበሯቸውና ኤ እና ቢ ለእነሱ ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛው ፊደል ደረሰው። የዚያ ሃርድ ዲስክ ይዞታ 10 ሜጋ ባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የተነሱ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ይሞሉታል። ፍሎፒ ሞቶ ተቀብሯል፤ ልጆቻችን ምስሉን ሴቭ ማድረጊያው ላይ ሲያዩ ምን እንደሆነ አያውቁም። ወንበሮቹ ግን እስካሁን ለሟቾቹ ተይዘዋል፤ ዊንዶውስ ዛሬም ቤቱን የሚሠራው ከሦስተኛው ፊደል ጀምሮ ነው።

ዲስክ መክፈሉም ቢሆን በጥበብ ሳይሆን በግድ የመጣ ልማድ ነው። በዊንዶውስ 95 ዘመን ፋት 16 የሚባለው የፋይል አደረጃጀት ከ2 ጊጋ ባይት በላይ የሆነን ክፍል አይችልም ነበር። ዲስክህ 6 ጊጋ ከሆነ ሳትወድ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያልክ ትቆራርጠዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፋት 32 መጥቶ ግዴታው ቀረ። ልማዱ ግን ሱቅ ለሱቅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። ዛሬ ከሚቆርጡልን ልጆች አብዛኞቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም።

አቆራረጡስ? እሱ ራሱን የቻለ እሮሮ ነው። ልጁ ለእኛ አስቦ፣ «ለዊንዶውስ 50 ጊጋ ይበቃዋል፣ የቀረውን ለዳታ» ይላል። አምስት መቶ ጊጋ ብለን የገዛነው ዲስክ መጀመሪያውኑ ሲከፈት 465 ነው የሚለው፤ ፋብሪካው በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው፤ እሱን ለምደነዋል። ከዚያ ላይ 50 ለሲ፣ 415 ለዲ። የመጀመሪያው ወር ሰላም ነው። ከዚያ አፕዴት ይመጣል። ዊንዶውስ ሚሞሪው ሲሞላበት የሚተነፍስበት ትልቅ ፋይል ለራሱ ይከፍታል፤ ሲተኛ ያየውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ትልቅ ፋይል ይጨምራል። ከፍ ወዳለ ደረጃ ሲያድግ ደግሞ አሮጌውን ዊንዶውስ እንዳለ ጠቅልሎ ለ10 ቀን ያቆየዋል። አንድ ቀን ማይ ኮምፒውተርን ስትከፍት የሲ መስመር ቀልታለች። ከዚያ በኋላ ሕይወትህ መጥረግ ብቻ ነው። ሰኞ ሪሳይክል ቢን ባዶ ታደርጋለህ፣ ማክሰኞ አንድ ፊልም ትሰርዛለህ፣ ረቡዕ እንደገና ቀይ ነው። አጠገቡ ዲ 415 ጊጋ ይዞ ተንጣሏል፤ ውስጡ «ኒው ፎልደር» እና «ኒው ፎልደር 2» አሉ።

«ታዲያ ከዲ ቆርሰህ ለሲ ጨምርለት» ይሉሃል አዋቂዎች። አማረኝና ሞከርኩት። ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን ከፈትኩ። ፓርቲሽን የሚባሉት የዲስኩ ክፍሎች እንደ ቀበሌ ካርታ ጎን ለጎን ተሥለው መጡ፤ በግራ ሲ፣ በቀኝ ዲ። ዲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጌ ሽሪንክ ቮልዩም አልኩት፤ 100 ጊጋ ቆረሰልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሲ ላይ ሄጄ ኤክስቴንድ ቮልዩም ልል ብል ጽሑፉ ደብዝዟል፤ አይጫንም። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ያው ነው።

ምክንያቱን በኋላ ነው የሰማሁት። ዊንዶውስ ሲን የሚያሰፋው ባዶው መሬት ከሲ በስተቀኝ፣ አጥር ለአጥር ተያይዞ ሲገኝ ብቻ ነው። ዲ ሲቆረስ ግን የሚለቀው ጀርባውን፣ ከሲ የራቀውን ጫፍ ነው። ስለዚህ የእኔ 100 ጊጋ ዲን ተሻግሮ ማዶ ቀርቷል። መሬቱ የእኔ ነው፣ ካርታው የእኔ ነው፣ ነገር ግን መግቢያ የለውም። በአንዳንዶቹ ኮምፒውተሮች ላይማ በሁለቱ መካከል ሪከቨሪ የምትባል ግማሽ ጊጋ የማትሞላ ሌላ ፓርቲሽን ጉብ ብላ ወሰኑን ትዘጋዋለች። የድንበር ክርክር ፍርድ ቤት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ አበሻ ይኼ አዲስ አይደለም፤ ግን በገዛ ላፕቶፑ ውስጥ ይገጥመኛል ብሎ ማን ይጠብቃል? ዲን ገልብጦ፣ አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ከመክፈል ወይም ፓርቲሽን የሚያንፏቅቅ ሌላ ፕሮግራም ከመፈለግ በቀር መውጫ የለውም።

ይሁን፤ ተምረናል ብለን ሁሉን ዲ ላይ ማድረግ ጀመርን እንበል። ዳንን? ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ጠንቃቃ ነበሩ። የዕድሩን ደብዳቤዎች፣ የመተዳደሪያ ደንቡን ጭምር፣ ሁሉንም ዲ ላይ ነው ያኖሩት። ኮምፒውተራቸው ፎርማት ሲደረግ አንድም ፋይል አልጎደለም። ደንቡን ከፈትነው። ገጹ ሙሉ ነው፤ አንቀጾቹ በቦታቸው ናቸው፤ ፊደሉ ግን አማርኛ አይደለም። የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኮፍያ ያደረገች «ኤ»፣ የተገለበጠች ቃለ አጋኖ ተደርድረዋል። ደብዳቤው የተጻፈው በጥንቱ ቪዥዋል ግዕዝ ነበርና። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያም በኋላ በየቢሮው የቆዩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የእኛን ፊደል የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ ሲነሳ ልብሱ ይወልቃል። ፎንቱ ደግሞ የሚጫነው የት ነው? ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ። ቃሉ ዲ ላይ ዳነ፤ ፊደሉ ሲ ላይ ሞተ። ጋሼ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይኼ ደንብ የማን አገር ዕድር ነው?» አሉ።

ፕሮግራምን ዲ ላይ በመጫን እናድናለን ብለው የሚለፉም አሉ። እነሱንም ያገኛቸዋል። ፎልደሩ ከፎርማት ይተርፋል፤ ሲከፍቱት ግን ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ፤ ፕሮግራሙ የተመዘገበበት የዊንዶውስ መዝገብ ሲ ላይ ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ አያውቃቸውም። ቤቱ አለ፣ የቤቱ ካርታ ግን ተቃጥሏል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «እኔ ባክአፕ አለኝ፤ ዲ ላይ» የሚለው ሰው ነው። ወንድሜ፣ ሲ እና ዲ የሁለት ሰፈር ቤቶች አይደሉም። በአንድ ጣሪያ ሥር በቺፑድ የተከፈሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቺፑዱ ከጠራጊው መጥረጊያ ያድንሃል፤ ከእሳት አያድንህም። ሃርድ ዲስኩ አንድ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ሲን ብቻ መርጦ አይሞትም። ላፕቶፑ ታክሲ ወንበር ላይ ከተረሳ ዲ ወርዶ አይጠብቅህም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ፊደል አይለይም፤ ኢ እና ኤፍም ካሉ ይቀጥላል። በእርግጥ ነገሩ በከፊል የሚለየው ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ኖረውት ዊንዶውስ በአንዱ፣ ዳታ በሌላው ሲቀመጥ ነው። እሱም ቢሆን ሁለቱም አንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

የጠራጊው መጥረጊያም ሁልጊዜ ወሰኑን አያከብርም። ዊንዶውስ ሲጫን በሚመጣው ሰሌዳ ላይ ሲ እና ዲ የሚል የለም፤ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 1፣ ፓርቲሽን 2፣ ፓርቲሽን 3» ይላል እንጂ። መለያው መጠኑና፣ ስም ከሰጠኸው ስሙ ብቻ ነው። የቸኮለ ልጅ ሁሉንም ዲሊት ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል፤ «እንዲህ ይሻላል ጋሼ፣ ሰፋ አለልዎት» ብሎም ያስረክብሃል። እኔ አሁን የዲ ስም ላይ «አይነካም» ብዬ ጽፌበታለሁ። በአማርኛ። ያነበው እንደሆነ።

ኮምፒውተሩ የነካነውን ሁሉ ሲ ውስጥ ለመወሸቁ መላ እንደነበረው ስታውቅ ደግሞ ሌላ ንዴት ነው። ዶክመንትስ ላይ በቀኝ ጠቅ ታደርጋለህ፣ ፕሮፐርቲስ ትላለህ፣ ሎኬሽን በሚለው ገብተህ ሙቭ ትልና ዲ ላይ ያለ ፎልደር ታሳየዋለህ። በቃ፤ ዶክመንትስ ጓዙን ጠቅልሎ ይገባል። ዴስክቶፕም እንዲሁ፣ ዳውንሎድስም እንዲሁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ በር ተከፍቶ ተቀምጧል። «ዲ ላይ አድርግ» ብለው ከመከሩኝ ሰዎች መካከል ይህን ያሳየኝ አንድም የለም። እኔም ሳውቅ ለማን ነገርኩ?

ሰሞኑን ደግሞ ሱቆቹ እንደ ዓውደ ዓመት ገበያ ሞልተዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 64 ጊጋ ይፈልጋል። ያቺ 50 ጊጋ የምትባል ሲ አሁን እንኳን ለፋይላችን ለባለቤቷም አልበቃችም። ስለዚህ ሁላችንም ላፕቶፓችንን ታቅፈን ተሰልፈናል።

እኔም ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ሲ ላይ ዳታ አለ?»

«አለ» አልኩት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «ዲ ላይም አለ። ፎንትም አለ።»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ባክአፕ ለብቻው ነው የሚከፈለው» አለኝ፤ «ለነገም አይደርስም።»

«ይሁን። ወረቀቱ ላይ ‹ዳታ አለ› ብለህ ጻፍልኝ፤ ከሥሩም አስምርበት።»

ጻፈ፣ አሰመረበት። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ለመውጣት ዞር ስል ከኋላዬ የነበሩት እናት ላፕቶፓቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። የልጃቸው ነው መሰለኝ፤ ክዳኑ ላይ የአንድ የኳስ ቡድን ዓርማ ተለጥፎበታል።

«ሲ ላይ ዳታ አለ?»

«ኧረ የለም የኔ ልጅ፤ እኛ ሲ የሚባለውን ነክተነውም አናውቅ። ሁሉም ነገር እዚሁ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ ሲከፈት ይታያል።»

«እማማ፣ አንዴ ይቆዩ» አልኳቸው። ምን አገባህ በሚል ዓይን አዩኝ። ወደ ልጁ ዞርኩ፤ «ዳታ የ» ድረስ ጽፏል።